ዕድሜዋ ሳይነገር የተሸጠች ኦክቶፐስ፦ የሻጩ፣ የገንዳውና የስድስት ወራት ግምገማ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በምንኖርበት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ለስድስት ወራት ያህል አንዲት ኦክቶፐስ (ስምንት እጆች ያሏት የባሕር እንስሳ) አኑረን ነበር። ይህ ጽሑፍ እሷን በኢንተርኔት ያዘዝኩበትን የባሕር እንስሳት ሻጭ፣ ለእሷ ያሰናዳሁትን ገንዳና ከገንዳው ጋር የገዛኋቸውን ዕቃዎች ይገመግማል። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱም ከማዘዜ በፊት ያየኋቸው ሌሎች ሻጮችም በዚሁ መንገድ ሲሸጡ ስላገኘኋቸው ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ሻጩ እንስሳ አሽጎ በመላክ ረገድ እንከን አይወጣለትም፤ ነገር ግን ገዢው ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚገባውን አንድ ነገር፣ ማለትም የእንስሳዋን ዕድሜ፣ አይናገርም።

ያዘዝኳት አሳዳጊዎች በአጭሩ «ቢማክ» የሚሏትን የካሊፎርኒያ ባለ ሁለት ነጥብ ኦክቶፐስ ነበር። ይህች ዝርያ ከደቡብ ካሊፎርኒያ እስከ ሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ በሚዘልቀው ጠረፍ፣ በድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ ትኖራለች። ስሟን ያገኘችው ከዓይኖቿ በታች በግራና በቀኝ ካሉት ሰማያዊ ቀለበት ያላቸው ክብ ነጥቦች ሲሆን፣ ነጥቦቹ ዓይን ይምሰሉ እንጂ አያዩም። ገላዋ ከትልቅ ማንጎ ብዙም አይበልጥም፤ እጆቿ ግን ከግማሽ ሜትር በላይ ሊረዝሙ ይችላሉ። በቤት ውስጥ ለሚያኖር ሰው ከሌሎቹ ዝርያዎች ይልቅ የምትመረጠው መጠኗ መካከለኛ በመሆኑና በቀን ብርሃንም ከጎሬዋ ወጥታ የምትታይ በመሆኗ ነው። ተመራማሪዎችም የሚወዷት ዝርያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመለት ኦክቶፐስ ይህችው ቢማክ ነች።

ይህች እንስሳ የምትኖረው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ውሻ ወይም ድመት የሚገዛ ሰው በስድስት ወር ዕድሜ መበላለጥ ብዙም አይጎዳም፤ በቢማክ ግን ስድስት ወር የዕድሜዋ ሲሶ ነው። በሻጩ ገጽ ላይ የሰፈረው የዝርያዋ ስም፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ 95 ዶላር የሚል ዋጋና «መካከለኛ መጠን» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ዕድሜዋን በኢሜይል ብጠይቅ ከሦስት ቀን በኋላ የመጣልኝ መልስ «ጤናማ ናት፤ በደንብ ትበላለች» የሚል ነበር። ጥያቄዬ እንዳልተመለሰልኝ እያወቅሁ ገዛኋት፤ ይህኛው የእኔው ጥፋት ነው።

ከእንስሳዋ በፊት ግን ገንዳው ነበር። ከቤታችን ሃያ ደቂቃ በመኪና የሚያስኬድ አንድ ትንሽ የባሕር ዓሣ መደብር አለ፤ ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ነገር ግን ደንበኛን ማቆላመጥ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ኦክቶፐስ ማኖር እንደምፈልግ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ገንዳዬ ስንት ወር እንደሆነው ነበር። ገና እንዳልገዛሁ ስነግራቸው ሳቁና «እንግዲያው ዛሬ ገንዳ ግዛ፤ ስለ እንስሳዋ ከሦስት ወር በኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ። ጠንካራ መደብር ማለት እንዲህ ያለው ነው። ዕቃውን ከእሳቸው ገዝቼ እንስሳዋን ከሌላ ቦታ ማዘዜ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሦስት ወር የሚያስጠብቀው ምክንያት በዓይን የማይታይ ነው። የእንስሳት እዳሪና የተረፈ ምግብ በውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያውን አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ጉዳቱ እጅግ ወደሚቀንሰው ናይትሬት ይቀይሩታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ ተራብተው እስኪበቁ ድረስ ገንዳው ጥሩ መስሎ የሚታይ መርዝ ነው። ኦክቶፐስ ደግሞ ብዙ የምትበላና ብዙ የምታቆሽሽ በመሆኗ፣ ለተራ ዓሣ የበቃ ገንዳ ለእሷ አይበቃም። በግንቦት አንድ ቁራጭ ሽሪምፕ ከባዶ ገንዳ ውስጥ ጥዬ እንዲበሰብስ አደረግኩና እስከ መስከረም ድረስ በየሳምንቱ ውሃውን እየለካሁ ጠበቅሁ። ባለቤቴ በዚያ ክረምት ስለ ባዶ ውሃ ያወራሁትን ያህል ስለ ሌላ ነገር አውርቼ እንደማላውቅ ትናገራለች።

ገንዳው 75 ጋሎን፣ ማለትም 284 ሊትር ያህል የሚይዝ ነው። ከውሃው፣ ከድንጋዩና ከመስታወቱ ጋር ተደምሮ ከ350 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን አፓርታማ ላይ የሚኖር ሰው ስለ ወለሉ አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ እኛን ያዳነን የምድር ቤቱ ኮንክሪት ነው። ከዕቃዎቹ ሁሉ ገንዘቡን በሙሉ የመለሰልኝ ከውሃው ላይ ቆሻሻውን በአረፋ እየሰበሰበ የሚያወጣው ስኪመር ነው። በየሦስት ቀኑ ኩባያውን ሳነሳው እንደ ጠላ አተላ የጠቆረና የሚከረፋ ፈሳሽ ይሞላዋል፤ ያ ሁሉ በገንዳው ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር መገመት አይከብድም። ውሃ ማቀዝቀዣው ግን ብዙ አስቆጥቶኛል። ቢማክ የቀዝቃዛ ባሕር እንስሳ በመሆኗ ውሃዋ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል፤ የሜሪላንድ ሐምሌ ደግሞ ይህን በነጻ አይሰጥም። 550 ዶላር ያወጣሁበት ማሽን ሥራውን ይሠራል፤ ነገር ግን በተነሳ ቁጥር እንደ አሮጌ ፍሪጅ ስለሚያጉረመርም ከጎኑ ሆኖ ቴሌቪዥን ማየት አይቻልም።

የቧንቧ ውሃ እንዲሁ አይገባም። ክሎሪኑ አንድ ነገር ሆኖ፣ ከአሮጌ ቧንቧ የሚመጣው መዳብ ሌላ ነው። የኦክቶፐስ ደም ሰማያዊ የሆነው ኦክሲጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር በብረት ፈንታ መዳብ ስላለበት ነው፤ ያም ሆኖ በውሃዋ ውስጥ የሟሟ መዳብ ጥቂቱ እንኳ ይገድላታል። ስለዚህ ውሃውን በማጣሪያ አሳልፌ፣ የባሕር ጨው ጨምሬ፣ ጨዋማነቱ በሺህ 35 እስኪደርስ በመለኪያ እያየሁ አዘጋጅ ነበር። ሁለተኛ እጅ ገንዳ የሚገዛ ሰው ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ለዓሣ በሽታ መዳብ ያለበት መድኃኒት ተጠቅሞ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ተጠቅሞ ከነበረ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተወው።

ስለ ክዳኑ ትንሽ ልበል። ኦክቶፐስ አጥንት የላትም፤ በገላዋ ውስጥ የማይታጠፈው ዋና ነገር የበቀቀን ምንቃር የመሰለው አፏ ስለሆነ፣ ምንቃሯ ያለፈበት ቀዳዳ ቀሪውን አካሏንም ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኒውዚላንድ፣ በኔፒየር ከተማ ከሚገኘው ብሔራዊ አኳሪየም «ኢንኪ» የተባለ ኦክቶፐስ ክዳኑ ጥቂት ገርበብ ብሎ ስላገኘው ወጥቶ፣ ወለሉን ተሻግሮ፣ 50 ሜትር በሚረዝም የፍሳሽ ቱቦ ወደ ባሕር መሄዱ የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። በእኔ ምድር ቤት ባሕር የለም፤ ያለው ምንጣፍ ነው። ስለዚህ ከገንዳው ጋር የመጣውን ቀላል የፕላስቲክ ክዳን ጥዬ ወፍራም አክሪሊክ አስቆረጥኩ፣ በአራቱም ማዕዘን መቀርቀሪያ አደረግሁለት፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹ የሚያልፉበትን ቀዳዳም በስፖንጅ ጠቀጠቅሁት። የፓምፑን አፍም እንዲሁ በስፖንጅ ሸፈንኩት፤ አለበለዚያ ቀጭን የእጅ ጫፍ ስቦ ይቆርጣል።

የጥቅሉ አመጣጥ ግን የሚመሰገን ነበር። ለማጓጓዣ 60 ዶላር ከፍዬ በማግስቱ ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ደረሰ። ወፍራም የስታይሮፎም ሳጥን፣ በውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ የበረዶ ከረጢት፣ ከዚያም አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ሁለት ኦክሲጅን የተሞሉ ፕላስቲኮች ነበሩ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ኦክቶፐስ በድንጋጤ በከረጢቱ ውስጥ ለመሸሽ የምትተፋውን ጥቁር ቀለም ከረጨች በገዛ ቀለሟ ልትታፈን ትችላለችና። ከገንዳው ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብታ በጠብታ እየጨመርኩ ሦስት ሰዓት ያህል ካለማመድኳት በኋላ ለቀቅኋት። መጀመሪያ የወረቀት ያህል ነጣች፤ ከዚያ አሸዋውን በነካች ቅጽበት አሸዋ መሰለች፤ ድንጋዩ ላይ ስትደርስ ደግሞ ቆዳዋ እንደ ድንጋዩ ተጎረባበጠ። ይህን ሁሉ የምታደርግ እንስሳ ቀለም መለየት የማትችል መሆኗን ሳውቅ ለማመን ተቸግሬ ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ «ጉዲት» ብላ ስም አወጣችላት። ስለ ንግሥቲቱ አያቷ ከነገሯት ይሁን ወይም ጉድ ከሚለው ቃል ይሁን እስካሁን አልገለጠችልኝም፤ ስሙ ግን በሁለቱም በኩል ይስማማታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ከጎሬዋ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ወደ መስታወቱ መምጣት ጀመረች፤ በሦስተኛው ደግሞ ጣቴን ያዘች። መምጠጫዎቿ ጣቴ ላይ አንድ በአንድ ሲለጠፉ ስሜቱ የሕፃን ከንፈር ይመስላል፤ ሲላቀቁም እንደ መሳም ያለ ድምፅ ያሰማሉ። በመምጠጫዎቿ የምትቀምስም ስለሆነች፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ በደንብ ሳላጠራ የከተትኩ ዕለት ወዲያው ለቃኝ ሸሸች። ተራው ኦክቶፐስ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ሕዋስ እንዳለውና ከዚህም ሁለት ሦስተኛው ያህል በእጆቹ ውስጥ እንደሚገኝ አንብቤ ነበር፤ ጉዲት ራሷ ወደ እኔ እያየች አንዷ እጇ ግን ከኋላዋ ለብቻዋ ድንጋይ ስትፈትሽ ሳይ ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

የምትወደው ምግብ ሸርጣን ነበር። በየሳምንቱ 20 ዶላር ያህል በሕያው ሸርጣን ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘ ሽሪምፕም ትቀበላለች፣ ነገር ግን እንደ ትናንት ሽሮ ታየዋለች። አንድ ቀን ሸርጣን በጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ጠምዝዤ ሰጠኋት። የመጀመሪያውን ጊዜ ለአርባ ደቂቃ ያህል ተጠምጥማበት ቆየች፤ አራተኛውን ግን ሰዓት እስካይ እንኳ አልጠበቀችኝም። ምግቧ የዘገየባት ቀን ደግሞ በገላዋ ላይ ያለውን ውሃ መርጫ ቱቦ ወደ ላይ አዙራ፣ ክዳኑን በከፈትኩበት ቅጽበት ፊቴን ታርሰኝ ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥታ ይህን ባየች ጊዜ ለረጅም ሰዓት ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፣ «አንተ ልጅ፣ ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው፤ አይበላም። ታዲያ እስከዚህ ድረስ የምትቀልበው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ኦሪት ዘሌዋውያንን ጠቅሳ ለምትጠይቅ እናት የሚበቃ መልስ አልነበረኝም።

ልጄ ጉዲት ብቻዋን መሆኗ አሳዝኗት ለጓደኝነት አንዲት ትንሽ ዓሣ እንድንጨምር ስትለምነኝ ከረመች። የመደብሩ ሽማግሌ ያለ ምንም ጥርጥር እንደምትበላት ነግረውኝ ነበር፤ እኔም ልጄን እንቢ ማለት አቅቶኝ ጨመርኩ። ጠዋት የቀረው አንዲት ቀጭን አከርካሪ ናት። ኦክቶፐስ ብቻዋን የምትኖር እንስሳ ናት፤ ከሌላ ኦክቶፐስ ጋር እንኳ ብትጨመር አንዳቸው የሌላቸው እራት ይሆናሉ። ከቀይ ባሕር እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚገኘውና በቀን የሚያድነው ትልቁ ኦክቶፐስም አልፎ አልፎ ለሽያጭ ሲቀርብ አይቻለሁ፤ የአገራችን ጎረቤት ባሕር ልጅ ነው ብሎ የሚጓጓ ቢኖር፣ መጠኑ ለቤት ገንዳ እንደማይሆን ይወቅ። ባለ ሰማያዊ ቀለበቷን ኦክቶፐስ ግን ማንም በቤቱ ማኖር የለበትም፤ ንክሻዋ ያለው መርዝ ሰውን የሚገድል ሲሆን ማርከሻ መድኃኒትም የለውም።

በጥር መጀመሪያ ጉዲት ወደ መስታወቱ መምጣት አቆመች። የጎሬዋን አፍ በድንጋይና በሸርጣን ቅርፊት ዘጋችው። በእጅ ባትሪ ሳበራ በጎሬዋ ጣሪያ ላይ ከገብስ ፍሬ የሚበልጡ፣ ነጫጭ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ እንቁላሎች አየሁ። ያኔ ገጹን፣ ኢሜይሉንና «መካከለኛ መጠን» የሚለውን ቃል አስታወስኩ። ሴት ቢማክ የምትወልደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ምግብ እየተወች ትሄድና ስታጥባቸውና ውሃ ስትነፋባቸው ቆይታ ትሞታለች። ይህ የበሽታ ወይም የአያያዝ ጉድለት ውጤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ጀሮም ዎዲንስኪ የተባለ ተመራማሪ ባሳተመው ጥናት፣ ከዓይኖቻቸው ጀርባ ያለው «ኦፕቲክ» የሚባል ዕጢ የወጣላቸው እናት ኦክቶፐሶች እንቁላላቸውን ትተው እንደገና መብላት ጀምረው ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል፤ ሞቱ በራሷ አካል ውስጥ የተሰናዳ ነው ማለት ነው።

እንቁላሎቹ ውስጥ ጽንስ ቢኖር ኖሮ ከሳምንታት በኋላ ሁለት ጥቋቁር ዓይኖች ከቅርፊቱ በስተጀርባ ይታዩ ነበር። ሳምንት በሳምንት ባይም ምንም አልታየም። ሸርጣን በመቆንጠጫ ይዤ አፏ ድረስ ሳቀርብላት በአንድ እጇ ቀስ አድርጋ ገፋ ታደርገውና ወደ እንቁላሎቿ ትመለስ ነበር። ቀለሟ ከቀን ወደ ቀን እየደበዘዘ፣ ገላዋም እየሟሸሸ ሄዶ በመጋቢት አጋማሽ ሞተች። ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች አወጣኋት፤ ስትመለስ የነገርኳት እኔ ሳልሆን ባለቤቴ ናት።

የመደብሩ ሽማግሌ ጉዲት በመጣች ሰሞን ያነሳሁትን ፎቶግራፍ በስልኬ አይተው ያሉት አጭር ነበር፦ «ይህች ልጅ አልነበረችም፤ ወይዘሮ ነበረች።» ሻጩ ከባሕር የተያዘች እንስሳ ትክክለኛ ልደት ሊያውቅ እንደማይችል እረዳለሁ። ነገር ግን የተያዘችበትን ቀን ያውቃል፤ የገላዋንም ርዝመት በማስመሪያ መለካት ይችላል፤ ሁለቱን የጻፈ ሻጭ ዕድሜዋን በግምት ነግሮናል ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው በሰው እጅ ተፈልፍላ ያደገች መሆኗ ነው። የቢማክ ጫጩቶች ከትልልቅ እንቁላል ስለሚወጡ፣ እንደ ሌሎች ዝርያዎች በውሃው ላይ ሳይንሳፈፉ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በውሃው ታች ወለሉ ላይ ይኖራሉ፤ ለማሳደግ የሚቀሉትም በዚህ ምክንያት ነው። በማሳቹሴትስ፣ ዉድስ ሆል የሚገኘው የባሕር ሥነ ሕይወት ምርምር ማዕከል ይህችኑ ዝርያ ለምርምር ያራባል፤ ለገበያ የሚቀርቡት ግን ጥቂት ናቸው።

ነጥብ ልስጥ ብል፣ ለማሸጊያና ለማጓጓዣ ከአምስት አምስት፣ ለእንስሳዋ የጤና ሁኔታ አምስት፣ ለመረጃ አንድ እሰጣለሁ፤ በአጠቃላይ ግን ሁለት ነው፤ ምክንያቱም ለገንዳው ከ2,000 ዶላር በላይ ያወጣ ሰው 95 ዶላር የሚከፍለው ለኦክቶፐሷ ብቻ ሳይሆን አብራው ለምትቆይበት ጊዜ ጭምር ነውና። ለሰፈሩ መደብር ሙሉ አምስት ይገባዋል፤ በእጅ ያደገች ቢማክ ካገኙ የተፈለፈለችበትን ቀን በሳጥኑ ላይ ጽፈው እንደሚሰጡኝ ቃል ገብተውልኝ ተራ ይዤ እየጠበቅሁ ነው። ገንዳው አሁንም በሥራ ላይ ነው፤ ጉዲት መብላት ካቆመች በኋላ የተረፉት ሁለት ሸርጣኖች ድንጋዩን ተካፍለው ይኖሩበታል።

ለኢንተርኔቱ ሻጭ በሚያዝያ የመጨረሻ ደብዳቤዬን ጻፍኩ። ገንዘቤ እንዲመለስልኝ አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት በገጹ ላይ የተያዘችበት ቀንና የገላዋ ርዝመት የሚጻፍበት ሁለት መስመር እንዲጨመር ነበር። ዋስትናቸው እንስሳው በሕይወት እስኪደርስ ድረስ ብቻ መሆኑን የሚያስታውስ አንድ አንቀጽና ለሚቀጥለው ግዢ የሚሆን የ15 ዶላር ቅናሽ ኩፖን ላኩልኝ። ገጹን ትናንት ማታ ከፍቼ አየሁት፤ አሁንም «መካከለኛ መጠን» ይላል።